ባለ ሁለት በሩ ክፍል እንዳይፈርስ

ቀን፦ ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025

ለሙፑንዱ የቀብር ዋስትና ኩባንያ የቦርድ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ሬይመንድ ሲሎምባ
ንዶላ

ጉዳዩ፦ በምድር ቤት የሚገኘው የሐዘንተኞች መቀበያ ክፍል የፊታችን ዓርብ ሴፕቴምበር 26 እንዳይፈርስ ስለማመልከት

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች አስትሪዳ ንካንዱ በኩባንያው የደንበኞች መቀበያ ሠራተኛ ስሆን፣ በዚሁ ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ይህን ጉዳይ አስቀድሜ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ዊላርድ ቺቱንዱ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ሁለተኛውን ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አገኘሁት፤ ጀርባው ንጹሕ ስለነበር የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች ስም ተጽፎበታል። ወረቀቱን ነቅዬ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከሥራ አስኪያጁ በላይ ያሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ጊዜዎን እንድሻማ ይፍቀዱልኝ።

1. ክፍሉን ያሠሩት የኩባንያው መሥራች፣ አጎትዎ ሟቹ አቶ ሙኩካ ናቸው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ሰባት እርምጃ ነው። አንዱ በር ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ጓሮው ይከፈታል። መሐሉን ከጣሪያ እስከ ወለል የሸምበቆ መጋረጃ ይከፍለዋል። በመጋረጃው ግራና ቀኝ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጉልበቱ ለደከመ ሽማግሌ ደግሞ አራት ዱካዎች አሉ። ሌላ ዕቃ የለውም። በእኛ አገር የሞት ነገር ቆሞ አይነገርም። አማትና አማችም፣ የአማትየዋ ቤት ምግብ ሠርቶ አማቹን በወጉ እስኪያስገባው ድረስ፣ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አብረውም አይቀምሱም። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። የምጽፈው የኩባንያው አዲስ የሥራ ቦታ ስልት ሰነድ ውስጥ ፈልጌ ስላጣሁት ነው። አቶ ሙኩካ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ክፍሉን ሲያሳዩኝ እንዲህ ብለውኛል፦ «አስትሪዳ፣ የሬሳ ሳጥን አናጢውም ይሸጣል። እኛ የምንሸጠው፣ ሰው በክፉ ቀኑ ተዋርዶ እንዳይወጣ ነው።»

2. ሰነዱን አንብቤዋለሁ። አርባ ስድስት ገጽ ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲያ ያወቅሁትን ያወቅሁት ሰው ያነበበውንና የጣለውን በማንበብ ነው፤ ጋዜጣ፣ የሕግ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ የተቀደደ መዝገበ ቃላት። ስለዚህ ትልልቅ ቃላት አያስደነግጡኝም። ሰነዱን በምሳ ሰዓት፣ በአንድ እጄ የበቆሎ ንሺማዬን እየጠቀለልኩ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው እንዲገባኝ ነበር። ሁለተኛው ያመለጠኝ ነገር እንዳለ ለማጣራት ነበር፤ አልነበረም። ገጽ ዘጠኝ ላይ «ግድግዳ የሐሳብ ጠላት ነው» ይላል። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ «ሠራተኛ የራሱ ጠረጴዛ ከሌለው ለሥራው የበለጠ ይተጋል» ይላል። «ትብብር» የሚለው ቃል መቶ አራት ጊዜ ተጽፏል። «ሐዘን» የሚለው አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ሰነዱ የተጻፈው ለቀብር ዋስትና ኩባንያ መሆኑን ያወቅሁት ከሽፋኑ ነው።

ሰነዱን ያዘጋጁት የሉሳካዋ አማካሪ ወይዘሪት ቾልዌ ለጥናት የመጡት አንድ ቀን ነው። ክፍሉን በበሩ በኩል አዩት፤ ጫማቸውን ላለማውለቅ አልገቡም። «እዚህ ውስጥ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሰው ይቀመጣል» አልኳቸው። «ተቀምጦስ?» አሉኝ። «ያለቅሳል፣ ከዚያ ይፈርማል» አልኳቸው። ከተናገርኩት ውስጥ የጻፉት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። በሰነዱ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ክፍሉ «ለፊርማ ብቻ የሚያገለግል የባከነ ቦታ» ተብሎ ሰፍሯል።

3. በሜይ መጨረሻ የምድር ቤቱ ግድግዳዎች ሁሉ ፈረሱ፤ በቦታቸው መስታወት ገባ። ባለ ሁለት በሩ ክፍል የቀረው ገንዘቡ ለጊዜው ስላለቀ እንጂ በምሕረት አይደለም። እንዲቆለፍ ታዘዘ፤ ቁልፉ እኔው ጋ ቀረ። ሐዘንተኛ ከዚያ ወዲያ በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ፣ የኩባንያው ሠራተኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ እንዲስተናገድ ተደረገ። ሠራተኞቹም ራሳቸው ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወንበር ይሻማሉ። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ሰው የማይሰማው ቦታ ስላጣ፣ የሟች ቤተሰቦችን በገዛ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ያነጋግራል። ይህም በሰነዱ ቋንቋ ትብብር ሳይባል አይቀርም።

የጎብኚዎች መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ቅጂውን አያይዣለሁ። ከማርች እስከ ሜይ ድረስ 214 ቤተሰቦች መጥተዋል። ከጁን እስከ ኦገስት ድረስ የመጡት 83 ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ሠላሳ አንዱ ከበሩ ገብተው፣ ጠረጴዛውን አይተው ተመልሰዋል። ይህን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ባነሣ ጊዜ አቶ ቺቱንዱ በልጄ ስም ጠርተውኝ «የካቴቤ እናት፣ ምናልባት በዚህ ብርድ ሰው ብዙም አልሞተ ይሆናል» ብለው አሳቁ። ሐዘንተኛ ጭነው ወደ መቃብር የሚሄዱ መኪኖች በፊቴ ሲያልፉ አያለሁ፤ አልቀነሱም። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ዛሬ ከድሮው ይልቅ በደንብ ይታዩኛል፤ ይህን ጥቅሙን አልክድም።

4. ጁላይ 8 ቀን የሆነውን ለብቻው መግለጽ ይገባኛል። ወይዘሮ ኤስናርት የተባሉ የቺፉቡ ሰፈር ነዋሪ ሴት ልጃቸው በወሊድ ሞታባቸው መጡ። ዋስትናውን የገቡት እናትየው ስለሆኑና ሟች ባል ስላላት ሁለቱም መፈረም ነበረባቸው። አማችየው ገና በወጉ አልገባም ነበር። እናትየው በፊት በር ገቡ፤ አማች የሆነው ልጅ ልማዱን አውቆ ዞሮ በጓሮ መጣ። በጓሮ በኩል ቢመጣም ወለሉ አሁን አንድ ሜዳ ነው። አቶ ቺቱንዱ ራሳቸው ተነሥተው የልጁን ክንድ ይዘው አመጡትና ከአማቱ ፊት ለፊት አስቀመጡት። መሐላቸው ብስኩት አኖሩ። «ኑ እንጂ፣ ቤተሰብ አይደላችሁ እንዴ? ተያዩና እንጨርስ» አሏቸው።

ወይዘሮ ኤስናርት ቺቴንጌ መደረቢያቸውን ከትከሻቸው ስበው ፊታቸውን ሸፈኑና ከወንበሩ ወርደው ወለሉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ልጁ ተነሥቶ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። መስታወት ነውና የአማቱን ምስል መልሶ አሳየው፤ ዓይኑን በእጁ ያዘ። እንዲህ ሆነው፣ አንዷ መሬት አንዱ ቆሞ፣ ሃያ ሰው እያያቸው ቆዩ። ሴትየዋ ከተሸፈኑበት እንዲህ አሉ፦ «ልጄን ገና አልቀበርኳት። ዛሬ ደግሞ አማቼን በቁሙ ልታስቀብረኝ ነው?» አቶ ቺቱንዱ ብስኩቱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉላቸው።

ሴትየዋ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር መሪ ናቸው። ማኅበሩ ስድሳ ሁለት አባላት ነበሩት፤ ሁሉም የእኛ ደንበኞች ነበሩ። ዛሬ ሁሉም ከመንገዱ ማዶ ያለው ድርጅት ደንበኞች ናቸው።

አቶ ቺቱንዱ ልማዱን ሳያውቁ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የተወለዱት የልማዱ አገር በሆነው በካሳማ ነው፤ ልማዱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ማወቃቸውን ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው አስመስክረዋል።

5. ኦገስት 14 ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የአቶ ቺቱንዱ የሚስታቸው እናት ስለ ሟች ወንድማቸው ዋስትና ሊጠይቁ መጡ። አቶ ቺቱንዱ ካገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሥራ በዝቶባቸው እስካሁን በወጉ አልገቡም። አማታቸው በመንገዱ በር ሲገቡ እሳቸው ከወለሉ መሐል ቆመው ነበር። በስተቀኝ መስታወት፣ በስተግራ መስታወት። የቀረላቸው አንድ መሸሸጊያ ሰዎች ስልክ እንዲያወሩበት የተተከለው ሣጥን ነበር። ገቡበት። እሱም መስታወት ነው። ኮታቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጥግ አዞሩ።

ጥበቃው ሞፋት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የካቴቤ እናት፣ አለቃችን በጠርሙስ ታሸጉ እኮ» አለኝ። ዝም በል አልኩት። አማትየው ግን ዓይናቸው ደህና ነው። «ልጄ፣ ያ ሰውዬ አሞታል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ እማማ፣ ስልክ እያነጋገሩ ነው» አልኳቸው። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይጠራ ነበር። አማትየው ስልኩን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ፣ ጫማውን አዩ፤ ጫማውን የገዛችለት ልጃቸው ሳትሆን አትቀርም። ከዚያም «እንግዲህ እኔ ልዙርለት፤ እዚያ ውስጥ አየር የለም» አሉ። ወግ ያለው ሰው በዚያ ሕንጻ ውስጥ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አርባ ደቂቃ እንዲህ አለፈ። አቶ ቺቱንዱ መውጣት አልቻሉም፤ ከሣጥኑ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በአማትየው ፊት ያልፋልና። በመጨረሻ ቁልፉን አውጥቼ የተቆለፈውን ክፍል ከፈትኩ። አማትየውን በመንገዱ በኩል አስገብቼ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ስለ ወንድማቸው አለቀሱ፣ ከዚያ ፈረሙ። አቶ ቺቱንዱም ከሣጥኑ ወጡ።

6. በሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 17፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «ያለ ፈቃድ የተዘጋ ክፍል በመክፈትና የክፍል አጠቃቀም ደንብን በመጣስ» ይላል። የፈረሙት አቶ ቺቱንዱ ናቸው። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ከሰንበት ዕረፍታቸው ቀንሰው የጻፉት መሆኑን አደንቃለሁ። ማስጠንቀቂያውን አያይዣለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲነሣልኝ አልጠይቅም። ደንብ መጣሴ እውነት ነው። እኔን የሚከብደኝ የጠበቅሁት ደንብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011፣ በኦክቶበር ወር፣ ሙቀቱ በጸናበት አንድ ማለዳ፣ ባለቤቴ ጎድዊን ከሚሠራበት የባቡር ጋራዥ ተነሥቶ ወደ መቀበያው መጣ። በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም ነበር። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ «የካቴቤ እናት፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለኝ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በዚያን ሰሞን የሠራተኛ ቤተሰብ ወደ ክፍሉ አይግባ የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ደንቡን ያወጡት የጊዜው ኃላፊም ከኋላዬ ቆመዋል። ጎድዊን በዘይት የተነከረ ልብሱን ለብሶ በሰው ፊት መምጣቱ አሳፈረኝ። «ቤት ሂድና ተቀመጥ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት። ድምፄ ኃላፊው እንዲሰማው የወጣ ድምፅ ነበር። «እሺ» አለኝ። ወጥቶ ከሕንጻው ፊት ባለው የቦይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጥበቃው ከዚያ ሊያስነሣው ሲነካው ነው መሞቱ የታወቀው።

የሱን ቅጽ የሞላሁት በዚያው ክፍል፣ በምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነው። ያን ጊዜ ደንብ የጠቀሰብኝ የለም። ይህን ለልጄ ለካቴቤም ነግሬው አላውቅም። እርስዎ እንዲያዝኑልኝም አልጻፍኩት። አንድ ቦታ እንዴት እንደተሠራና ማን ምን ላይ እንዲቀመጥ እንደተፈቀደ ትንሽ ነገር እንደሆነ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ትንሽ እንዳልሆነ የሚያውቅ ምስክር በኩባንያው ውስጥ እንዳለ እንዲታወቅ ነው።

7. ኩባንያው ለምን እንደሚቀጥል ወይም ለምን እንደሚዘጋ የማውቀውን ያህል ልናገር። ወይዘሪት ቾልዌ ቢሮ ሠራተኛው ለሚያስበው ሐሳብ መሆን አለበት ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ሰነዳቸውን የጻፉት ግድግዳ በሌለበት ቤት ከሆነ ግን ሐሳቡ ወጥቶ ሄዶባቸዋል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት፣ ደንበኛ ቢሮአችንን የሚያስታውሰው በተቀመጠበት ቦታ መሆኑን ነው። አንድ ቤተሰብ እኛ ጋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ካለቀሰ፣ የወንድሙንም፣ የጎረቤቱንም፣ የራሱንም ዋስትና እኛ ጋ ይገባል። በሚሽከረከር ወንበር ላይ ካለቀሰ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ወንበሩ የት እንዳዞረው እሱ ብቻ ያውቃል። ይህን ለማወቅ አርባ ስድስት ገጽ አያስፈልግም። ከአንድ ሐዘንተኛ አጠገብ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል፤ አቶ ቺቱንዱ በሦስት ዓመት ሥራ አስኪያጅነታቸው ይህን አንድ ሰዓት አላገኙም። ለስልክ ሣጥኑ አርባ ደቂቃ ማግኘታቸውን ግን መስክሬአለሁ።

8. አሁን ዓርብ ጠዋት ክፍሉ ፈርሶ ሠራተኞች የሚጫወቱበት ቦታ እንዲሆን ተወስኗል። አፍራሾቹ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይለካሉ፤ ቁልፉንም ለእነሱ እንዳስረክብ ታዝዣለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ክፍሉ ከነሁለት በሩና ከነመጋረጃው እንዲቆይና ለሐዘንተኞች እንዲከፈት በእርስዎ ፊርማ እንዲታዘዝልኝ። ሌላው ወለል እንደ ሰነዱ ይቀጥል፤ መስታወቱም ይሁን፣ ወንበሩም ይሽከርከር።

ሌላ አንድ ነገር ማሳወቅ አለብኝ፤ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ክህደት ይመስላልና። ባለፈው ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ያለው ድርጅት ባለቤት ወይዘሮ ናሉምባ፣ ማሳላ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። እስኪቀመጡ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ከተቀመጡ በኋላ «የካቴቤ እናት፣ ሰዎችሽ እኛ ጋ ይመጣሉ፤ ገብተው ዓይናቸው ሁለተኛ በር ይፈልጋል። እኔ ያለኝ አንድ ነው። ግድግዳ ልቀድ ነውና የት ጋ ልቅደደው?» አሉኝ። በጓሮ በኩል መሆን እንዳለበት በእንጨት መሬት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። መጋረጃው ከምን ያህል ከፍታ እንደሚንጠለጠልም ነገርኳቸው። ጥፋት ከሆነ በሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ ላይ ይጻፍልኝ። ከዚያ እሳቸው ዘንድ እንድሠራ ጠየቁኝ። እስከ ሐሙስ ቀትር አስቤ እንድመልስላቸው ተስማምተናል።

አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ወንበር መቀየር አልፈልግም። አጎትዎ ያሠሩት ክፍል ነው፤ እኔም ያለኝን ሁሉ፣ ጎድዊንንም ጭምር፣ የተሰናበትኩት እዚያ ነው። መልስዎ እስከ ሐሙስ ቀትር ከደረሰኝ ነገም ከነገ ወዲያም በቦታዬ ያገኙኛል። ካልደረሰኝ ቁልፉን ለሞፋት ሰጥቼ መንገዱን እሻገራለሁ። ይዤ የምሄደው ዕቃ የለም። ምንጣፎቹ፣ ዱካዎቹና መጋረጃው የኩባንያው ንብረት ናቸው፤ በዝርዝር ቆጥሬ ትቻቸዋለሁ። የሚመጡት ቤተሰቦች ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ በማቅረብ፣

አስትሪዳ ንካንዱ
(ፊርማ)
የደንበኞች መቀበያ ሠራተኛ